ከንጉሡ በኋላ የተረፈ ዜማ

ከመድረኩ ጣሪያ በላይ ድንጋይ የተሞላ ረጅም የእንጨት ሣጥን አለ። ገመዱ ሲሳብ ሣጥኑ ወዲህና ወዲያ ያዘነብላል፤ ድንጋዮቹ ከዳር እስከ ዳር ይንከባለላሉ፤ ከታች አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን የሚሰማው ነጎድጓድ ነው። በጎን በኩል ሸራ የተወጠረበት የእንጨት መንኮራኩር ሲሽከረከር ነፋስ ያፏጫል። ከወደ ኋላ እንደ ገመድ ተጠማዘው የተጠረቡ ግንዶች በእጀታ ሲዞሩ ባሕር ይናወጣል። ከወለሉ ሥር ደግሞ ሰዎች ተጋግዘው የሚገፉት ትልቅ መዘውር አለ። እሱ ሲዞር በመድረኩ ግራና ቀኝ የቆሙት ሥዕሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ገብተው ሌሎች ይተካሉ። መጋረጃ ሳይወርድ፣ ተመልካቹ ዐይኑን ሳይነቅል፣ ቤተ መንግሥቱ ጫካ ይሆናል። ይህ ቤት ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ በሜላረን ሐይቅ ደሴት ላይ የሚገኘው የድሮትኒንግሆልም የቤተ መንግሥት ቴአትር ነው። ንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ ያሠራችው በ1766 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንድፉ የካርል ፍሬድሪክ አዴልክራንትስ፣ የመድረኩ መዘውሮች የጣሊያናዊው የዶናቶ ስቶፓኒ ሥራ ናቸው። አራት መቶ ያህል ሰው ይይዛል።

እንዲህ ያለውን ቤት ለማየትና ለመስማት ሙዚቃ ወዳዶች በትንንሽ ቡድን ተሰባስበው ወደ ስዊድን ይጓዛሉ። ቀን ቀን ታሪክ አዋቂ ያስረዳቸዋል፤ ማታ ማታ ኦፔራ ይሰማሉ። ከድሮትኒንግሆልም ሌላ በ1753 በኡልሪክስዳል የተሠራውን ኮንፊደንሰን የተባለውን ቤት ያያሉ፤ ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በግሪፕስሆልም ግንብ ማማ ውስጥ ያሠራውንም ትንሽ መድረክ ይጎበኛሉ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይደክማል? ያንኑ ኦፔራ በየትኛውም ትልቅ ከተማ፣ በተሻለ ወንበርና በተሻለ ብርሃን መስማት ይችላል፤ ቤቱ ድረስ በቅጂም ይመጣለታል። የሚጓዘው ግን ድምፅ አገር እንዳለው ስለተረዳ ነው። ለአራት መቶ ሰውና ለእንጨት ግድግዳ የተደረሰ ዜማ በዚያው ግድግዳ መካከል ሲዜም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይሰማል። ይህ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ተገቢውን ሥፍራውን ግን ገና አላገኘም። ድምፅ በአገሩ መሰማት ካለበት፣ ለዚያም በጥቂት ሰው መንገድ መውጣት የሚገባ ከሆነ፣ ከድሮትኒንግሆልም ይልቅ ይህ የሚገባው በዓባይና በበሽሎ መካከል ላለው ደጋ ነው፤ ማሻን፣ መካነ ሰላምን፣ ቦረናንና ሳይንትን ለያዘው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ምድር። ምክንያቱን ለማየት በመጀመሪያ የስዊድኑ ቤት ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ መመርመር ያሻል።

ጉስታቭ ሦስተኛ ቴአትር ከመውደዱ የተነሣ ራሱ ተውኔት ይጽፍ ነበር። በ1773 የስዊድንን ንጉሣዊ ኦፔራ አቋቋመ፤ ድሮትኒንግሆልምንም ከ1777 ጀምሮ ተረክቦ የቤተ መንግሥቱ የሙቀት ወራት መዝናኛ አደረገው። በመጋቢት 1792 ግን በስቶክሆልም ኦፔራ ቤት ውስጥ፣ ጭምብል በተለበሰበት የዳንስ ግብዣ መካከል በጥይት ተመታ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሞተ። ጁዜፔ ቬርዲ በ1859 ለመድረክ ያበቃው ኦፔራ መነሻው ይኸው ግድያ ነው። ንጉሡ ሲሞት ድሮትኒንግሆልምም አብሮት ዝም አለ። በሩ ተዘጋ፤ ቤቱ የዕቃ ማከማቻ ሆነ፤ ከመቶ ዓመት በላይም ማንም ሳያስታውሰው ኖረ። በ1921 አግነ በይየር የተባለ የቴአትር ታሪክ ተመራማሪ አንድ ሥዕል ፍለጋ ገባና አቧራ የለበሰውን መድረክ አገኘው። ሠላሳ ያህል የመድረክ ሥዕሎች እንዳሉ ነበሩ፤ መዘውሩም አልተነካም። ገመዶቹ ተቀየሩ፣ መብራት ገባ፣ በ1922 ቤቱ እንደገና ተከፈተ። በ1991 ድሮትኒንግሆልም ከነቤተ መንግሥቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ቤቱን ያዳነው መረሳቱ ነው። ሥራ ላይ ቢቆይ ኖሮ ያለ ጥርጥር ታድሶ፣ ፈርሶ፣ ወይም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የእንጨት ቴአትሮች ተቃጥሎ ነበር።

እንቅልፉ ያተረፈው ግን እንጨቱን፣ ሸራውንና ሥዕሉን ነው። ዘማሪው እንዴት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያነሳ፣ አንዲቱን ቃል ስንት ጊዜ እያጠፈና እየዘረጋ እንደሚያስጌጣት የሚያውቁት ሰዎች ተማሪ ሳይተኩ ሞቱ። ዛሬ በድሮትኒንግሆልም የሚሰማው አዘማመር ከ1921 በኋላ በምሁራንና በሙዚቀኞች ብርቱ ድካም ከመጻሕፍት የተለቀመና እንደገና የተገነባ ነው። ይህ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም በቤቱና በድምፁ መካከል የ130 ዓመት ጸጥታ አለ። ሣጥኑ አለ፣ ድንጋዩ አለ፤ ዘማሪው ግን ሌላ ቦታ ተምሮ የሚመጣ እንግዳ ነው። ጎብኚው የሚከፍለው ይህ የተቋረጠ ክር ለአንድ ምሽት ተቋጥሮ ለማየት ነው።

አሁን ወደ እኛው ደጋ እንመለስ። የዛሬው ምዕራብ ደቡብ ወሎ ጥንት አምሐራ ተብሎ ይጠራ የነበረው ምድር ልብ ነው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናታቸውን ያነጹት፣ መቃብራቸውን ያዘጋጁት በዚህ አገር ነበር። ልብነ ድንግል ያስፈጸመው መካነ ሥላሴና የነገሥታት ማረፊያ የነበረው አትሮንሰ ማርያም በወርቃቸውና በመጻሕፍታቸው የታወቁ ነበሩ። ሁለቱም በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠሉ። ከሕንፃው ጋር ስንት የዜማ መጽሐፍ እንደነደደ፣ ስንት መምህር ከነቃሉ እንደሞተ መገመት አይከብድም። ልብነ ድንግል በ1540 ሲሞት አልጋውን የወረሰው ልጁ ገላውዴዎስ ነው። ገና ወጣት ሳለ የተረከበው ግማሹ አመድ የሆነ አገር ነበር። ጦርነቱ በ1543 በኢማሙ ሞት ከተፈታ በኋላ ንጉሡ የፈረሰውን ማንሣት ጀመረ፤ ስሙም በሳይንት ካለችው ከተድባበ ማርያም ጋር ተሳሰረ። አባቶች የተድባበ ማርያምን ጥንተ ታሪክ ከብሉይ ኪዳን ዘመን ይጀምሩታል፤ ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር የኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው ቦታዎች አንዷ ያደርጓታል። የዜማ ታሪክ ግን ወደ ተድባበ ማርያም የሚያመራን በገላውዴዎስ ዘመን በተሠራ ሥራ ነው።

በዚህ ንጉሥ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት የዜማ ሊቃውንት ተነሡ። የነገሥታት ዜና መዋዕል የድጓን (የቤተ ክርስቲያኗን የዜማ መጽሐፍ) ምልክት የሠሩና ለተድባበ ማርያም ካህናት ያስተማሩ እነሱ እንደሆኑ ይናገራል። ‹‹አዛዥ›› የቤተ መንግሥት ማዕረግ መሆኑን ልብ ይሏል። የሠሩትን ለመረዳት አንድ የድጓ ገጽ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ዋናው ንባብ በደልዳላ ፊደል በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ የቅዱሳን ስምና የክፍሉ መክፈቻ በቀይ ደምቋል። በመስመርና በመስመር መካከል ሆን ተብሎ ክፍት በተተወው ቦታ ደግሞ የጉንዳን ተርታ የሚመስሉ ደቃቅ ፊደላት ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ነጠላ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ተያይዘዋል። እያንዳንዷ የአንድ ሐረግ አሕጽሮት ናት። ያንን ሐረግ ከነዜማው በልቡ የያዘ መሪጌታ ምልክቷን ባየ ጊዜ ‹‹ይህን ቃል እንደዚያ ቃል አዚመው›› የሚል ትእዛዝ ይሰማዋል። እንዲህ ያሉት ምልክቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከነሱም ጋር የድምፁን መውጣትና መውረድ፣ መቆረጥና መርገብገብ የሚያመለክቱ እንደ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ያሉ ነጥብና ጭረቶች አሉ። ምልክቱን ለማያውቅ ሰው ገጹ ዲዳ ነው። ለሚያውቅ ሰው ግን አንድ ሙሉ የጉባኤ ቤት በአንዲት ፊደል ተጣጥፎ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ‹‹ዜማው የቅዱስ ያሬድ ሆኖ ሳለ ምልክቱን ለምን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ?›› የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዜማው፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ስልቶቹ፣ ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው የያሬድ ናቸው። ስምንቱን የድምፅ ምልክቶችም ብዙዎች ለእሱ ይሰጣሉ። የጌራና የራጉኤል ድርሻ በፊደል የሚጻፈው ምልክት ነው፤ ይህ ደግሞ ያሬድን አያሳንሰውም። የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኬይ ካፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዜማ ጥናት ቀደምት የዜማ ብራናዎች በብዛት እንዲህ ያለ ምልክት እንደሌላቸው፣ ነገሩ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ጋር እንደሚስማማ አሳይቷል። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። መምህር በሰላም ሞቶ ተማሪ በሚተካበት ዘመን ቃል ብቻውን ይበቃል። መምህራን በጅምላ ባለቁበት ዘመን ማግስት ግን የቀረው ሰው ‹‹እኔም ብሞትስ?›› ብሎ ይጠይቃል። ምልክት የዚህ ፍርሃት ልጅ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ኦፔራ የሚባለው ነገር በፍሎረንስ የተጀመረው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በ1598 አካባቢ ነው፤ የሞንቴቬርዲ ኦፔራ ኦርፌዎ በማንቱዋ መስፍን ቤተ መንግሥት የተሰማው በ1607 ነው። የተድባበ ማርያም ካህናት የተጻፈ ዜማ ይዘው ሲያስተምሩ ኦፔራ ገና አልተወለደም ነበር።

ገላውዴዎስም እንደ ጉስታቭ በሰው እጅ ነው የሞተው። በ1559 በሰሙነ ሕማማት ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ወደቀ፤ ራሱ ወደ ሐረር ተወሰደ፤ ሥጋው በተድባበ ማርያም ማረፉን አባቶች ይናገራሉ። ከዚያ ወዲያ ግን የሁለቱ ነገሥታት ቤቶች መንገድ ይለያያል። የስዊድኑ ንጉሥ ሲሞት ቴአትሩ ተቆለፈ። የኢትዮጵያው ንጉሥ ሲሞት ዜማው አልተቆለፈም። ቤተ መንግሥቱ ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጣና ዙሪያ ሄደ፤ ኋላም ጎንደር ላይ ተቀመጠ። ነገሥታቱ ሲርቁ፣ ዘመነ መሳፍንት ሲመጣና ሲሄድ፣ ድጓው ግን ከአፍ ወደ አፍ መሻገሩን ቀጠለ። ለምን? ቀለቡ ከቤተ መንግሥት ብቻ ስላልነበረ ነው። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በየደጁ ይቆማል። ውሻ ይጮህበታል፤ ባልቴቷ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ማታ ቁራሹን በልቶ በጎጆው ጭላንጭል ቃሉን ያስኬዳል፤ ጠዋት የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ከተሳሳተ ይታረማል፤ እንደገና ይሄዳል። ድጓ የሚማር ሰው ዓመታትን ይቆጥራል፤ በወጉ ከሆነም ድጓውን ከነምልክቱ ራሱ ጽፎ ይወጣል። ኦፔራውን የቀለበው የንጉሥ ካዝና ስለነበር ካዝናው ሲዘጋ ኦፔራው ተራበ። ድጓውን የቀለበው የገበሬ እንጎቻ ስለነበር ንጉሡ ሲሞት እንጎቻው አልቆመም። በስዊድን ቤቱ ተርፎ ሰንሰለቱ ተቆረጠ፤ በአምሐራ ምድር ቤቱ ተቃጥሎ ሰንሰለቱ ተረፈ። ከሁለቱ የትኛው ትልቅ ቅርስ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ ለእኔ ግን መልሱ አያጠራጥርም።

ይህ ደጋ የሚመካው በተድባበ ማርያም ብቻ አይደለም። መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ምድር ጋስጫ አለች። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም ይህ ነው። አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረ፣ መጽሐፈ ምስጢርን በ1424 የፈጸመ ሊቅ ነው። አባቱ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። እሱ ግን የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። እዚያ በመጀመሪያ ትምህርት እንቢ ብሎት እህል ሲፈጭ፣ ለማኅበሩ ሲላላክ እንደኖረ ገድሉ ይተርካል። ዛሬ በመላው አገሪቱ ሌሊት ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእሱ ድርሰት ነው፤ አርጋኖንም ለእሱ ይሰጣል። አርጋኖን ማለት የዜማ መሣሪያ ነው። በቤተ መንግሥት ጥላ ያደገ፣ ወፍጮ የፈጨ፣ መጽሐፉን በዜማ መሣሪያ ስም የሰየመ ሰው መንደር ከተድባበ ማርያም ጋር በአንድ ደጋ ላይ መገኘቷ የሚያስደንቅ ነው። በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ይህን እንደ ደጁ ሀብት ቢያጠናው ምንኛ ባማረ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ደጋ ጉዞ ምን ሊመስል ይችላል? መነሻው ደሴ ነው። በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ስሙ ራሱ ማንንም የማይንቅ፣ ለሁሉ የሚዘረጋ ግብር ማለት ነው። በአንጻሩ የኡልሪክስዳሉ ኮንፊደንሰን ስሙን ያገኘው ከአንድ ገበታ ነው። ገበታው ምግቡን እንደያዘ ከምድር ቤት በወለሉ በኩል ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ጌቶቹ ሲበሉና ሲያወሩ አገልጋይ እንዳያያቸውና እንዳይሰማቸው የተፈለሰፈ ነው። አንዱ ቤት በተደበቀ ማዕድ፣ ሌላው በተገለጠ ማዕድ ተሰየመ። የጉዞው መስመር ይህ ነው፦ ከደሴ በስተሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ መለስ ብሎ በለጋምቦ፣ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያ ጋስጫ፣ ከዚያም አጅባርን አልፎ ተድባበ ማርያም። በመንገዱ ላይ የምትሰማው ወሎ የድጓ ብቻ አይደለችም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። የወሎ ሼኮች መንዙማም ለዚህ ምድር ጆሮ እንደ ድጓው የተወለደ ድምፅ ነው። ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ጉዞው ወደ እሱም ጎራ ቢል ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ጊዜው ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት አርባ ቀናት፣ በየሳምንቱ ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ንጋት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ክረምቱ አልፎ ደጋው በአደይ ተሸፍኖ፣ ወንዙ ጎድሎ መንገዱ የሚደርቅበት ወቅት ነው። የቡድኑ ቁጥር ከአሥራ ሁለት መብለጥ የለበትም። ምክንያቱ የሆቴል እጥረት ብቻ አይደለም። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ መካከሉ መቅደስ፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ውጭኛው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት። መዘምራኑ በቅኔ ማኅሌቱ በግራና በቀኝ ጎራ ተለይተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ድምፁ ከግድግዳ ወደ መቅደሱ፣ ከመቅደሱ ወደ ጣሪያ እየተመላለሰ የሚዞር ነው። ዜማው መጀመሪያ በዝግታ ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ ይፋጠናል፤ በመጨረሻ ወረብ ሆኖ እግር ከመሬት ይነሣል። በዚህ ጠባብ ዙሪያ ሃምሳ እንግዳ ቢቆም የሚሰማው የራሱን ካፖርት መፋተግ ነው። ቤቱ ራሱ ልኩን ይናገራል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግልጽ ነው። ቴአትር ቴአትር ነው፤ ማኅሌት ግን ጸሎት ነው፤ ጸሎትን ለጎብኚ ማቅረብ መሸጥ ነው። ይህን የሚሉ አባቶች አልተሳሳቱም። ለእንግዳ ሲባል የሚቆም ማኅሌት፣ በክፍያ የሚደገም ወረብ፣ በቀን ብርሃን ለካሜራ የሚመታ ከበሮ ነገሩን ይገድለዋል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ማኅሌቱ እንግዳ ኖረም አልኖረም ይቆማል። እንግዳው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ማንኛውም ምእመን ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ከኋላ ቆሞ ይሰማል፤ ሲደክመው ይወጣል። ለማኅሌቱ ትኬት የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ትውፊታችንም ማዳመጥን ከጸሎት አላራቀም። ያሬድ ሲዘምር ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ጦሩን ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለ፤ ያሬድም ሳይሰማው ዘመረ ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘማሪ ብቻ ሳይሆን የሚሰማ ሰውም አለ፤ ትውፊቱ ሁለቱን በአንድ ጦር አያይዞ ነው ያስቀመጣቸው።

‹‹ግዕዝ የማያውቅ ሰው ምን ይሰማል?›› የሚለው ተቃውሞ ከዚህ የቀለለ ነው። በድሮትኒንግሆልም የሚቀመጠው ታዳሚ ጣሊያንኛ ሲዘመር ቃል በቃል አይከተልም፤ ሆኖም ቀን ላይ ስለ ታሪኩ ተነግሮታልና ማታ በዜማው መንገድ ይሄዳል። አብዛኛው የእኛ ምእመንም ግዕዙን ሙሉ በሙሉ ሳይረዳ ነው በማኅሌቱ የሚነካው። የሚያስፈልገው ዝግጅት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ከአንድ መሪጌታ ጋር ተቀምጦ የአራራይንና የዕዝልን ልዩነት በጆሮ መለየት፣ አንዲት የድጓ መስመር ከነምልክቷ ሲተነተን መስማት፣ ዝማሜንና ጽፋትን ማየት። በዚህ የተዘጋጀ የአዲስ አበባ ወጣት ወይም ከዋሽንግተን የመጣ የወሎ ልጅ ከውጭ ቱሪስት በፊት የጉዞው ባለመብት ነው። የአገሩን የተጻፈ ዜማ መነሻ ሳያውቅ ያደገ ትውልድ ብዙ ነው፤ ጉዞው በመጀመሪያ ለእሱ ይሁን።

የቅርስ ዘረፋ ሥጋትም እውነት ነው። የብራና መጽሐፍ በጎብኚ መንገድ ይወጣል፤ ስንቱ እንደወጣ እናውቃለን። ስለዚህ የጥንት ብራና ለማንም ጎብኚ አይገለጥ። ተማሪው ለራሱ የጻፈው አዲስ ድጓ ስለ ምልክት ለማስረዳት ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል፤ ቀለሙ ገና ትኩስ ነውና። ለካሜራም ስዊድኖች ራሳቸው ጥሩ ምሳሌ ትተዋል። ኢንግማር በርግማን በ1975 ለእይታ የበቃውን የሞዛርት ኦፔራ የአስማተኛ ዋሽንትን ፊልም በድሮትኒንግሆልም መንፈስ ሊሠራ ሲነሣ ያረጀው መድረክ የፊልም ዕቃ አይችልም ተብሎ ስቱዲዮ ውስጥ መሰሉ ተሠራ። ትልቅ ስም ያለው የፊልም ባለሙያ እንኳ ለእንጨት ሲል ከቤቱ ውጭ ቀርቷል። ለሕያው ጸሎት ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ አይቻልም።

የመንገድና የሰላም ነገር ሌላ ነው። ሰላም ባልጸናበት ጊዜ ሰውን ወደዚያ ና ማለት ኃላፊነት የጎደለው ነው፤ እንግዳውንም አስተናጋጁንም ለአደጋ ያጋልጣል። ይህ ግን ዝግጅቱን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። ‹‹ለተራበ አገር የዜማ ጉዞ ምኑ ነው?›› ለሚለው ደግሞ መልሱ በዚያው በቁራሹ ውስጥ አለ። አብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንቱን ይደጉሙበት የነበረው መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአብነት ትምህርት ቤት ሸክም የወደቀው በምእመኑና በተማሪው አኮፋዳ ላይ ነው። ገበሬው ራሱ ሲቸገር ተማሪው ይበተናል፤ ተማሪው ሲበተን የኔታ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ የኔታ ሲያርፉ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ሰንሰለት ይበጠሳል። አንድ ጊዜ ከተበጠሰ እንደ ድሮትኒንግሆልም ገመድ በአዲስ አይቀየርም። ከጉዞው የሚገኘው ገንዘብ ለመዘምራኑ የትርኢት ዋጋ ሆኖ ሳይሆን ለተማሪው ጤፍና በቆሎ፣ ለጎጆው ክዳን፣ ለብራናውና ለቀለሙ፣ ለየኔታ የወር ቀለብ ይዋል፤ አስተዳዳሪዎቹም ሰበካ ጉባኤውና የመንደሩ ሽማግሌዎች ይሁኑ። በደሴና በመካነ ሰላም የሚያድረው እንግዳ ለሆቴሉ፣ ለሹፌሩ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ የሚከፍለው በራሱ ጊዜ ይደርሳል።

አሁን በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ሌሊት አሥራ ሁለቱ እንግዶች ከቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል እንበል። ጧፍ ይበራል፤ ውጭ የደጋው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው አባ ጽጌ ድንግል ነው፤ ባልንጀራው አባ ገብረ ማርያም ዘደብረ ሐንታም አብሮት እንደነበር በቀን ተነግሯቸዋል። የቀኝ ጎራው መሪ ዜማውን ያነሣል፤ የግራው ይቀበላል፤ ጸናጽሉ ልክ እንደ ዝናም መጀመሪያ ጠብታ አንድ ጊዜ ብቻ ይንሾካሾካል። ከመዘምራኑ ኋላ ቁመቱ መቋሚያው ላይ ያልደረሰ አንድ ተማሪ ቆሟል። ዐይኑ ከየኔታው ከንፈር አይነቀልም። ቃሉን ገና ሙሉ በሙሉ አልያዘውምና ከእሳቸው በአንድ ትንፋሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል፤ ድፋቱ ላይ ይደርስባቸዋል፤ ርክርኩ ላይ እንደገና ያመልጡታል፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እስኪደርስባቸው ያዳምጣል።